መልስ፦ የመምህራን የጋራ ፋይል የት ይቀመጥ?

የትምህርት ዕቅድና ወርክሺት በቴሌግራም ግሩፕ እየተለዋወጣችሁ፣ ከወር በኋላ ማንም ምንም አያገኝም ላልከው፦ ጥፋቱ የቴሌግራም አይደለም፣ ግሩፕ ለወሬ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። እኛም ጋ እንደዚሁ ነበር። አንድ የፊዚክስ ወርክሺት "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "የእውነት የመጨረሻ" እየተባለ ሦስት ቦታ ተለጥፎ፣ አንዷ ባልደረባችን ስህተት ያለበትን አባዝታ ክፍል ገባች። ጉድ ነው!

ጎግል ድራይቭ ላይ አንድ የጋራ ፎልደር ክፈቱና ግሩፑ ላይ ሊንኩን ብቻ ፒን አድርጉት። ጎግል ዶክስ ላይ ከጻፋችሁ ማን ምን እንደቀየረ ይመዘገባል፣ አንዱ ቢያበላሸው ወደ ቀድሞው ትመልሱታላችሁ። ኤዲት የማድረግ ፈቃድ ለሁለት ሦስት ሰው ይበቃል፣ ሌላው ኮሜንት ይስጥ። ፈተና ግን እዚያ እንዳታስቀምጡ፣ ሊንክ ይሾልካል።

ከኢንተርኔት የምታወርዱትንም ፈቃዱን እዩ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሰዎች ሥራቸውን ለሌሎች የሚፈቅዱባቸውን ዝግጁ ፈቃዶች የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው) እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ባወጣቸው ፈቃዶች መሠረት "ሲሲ ባይ" (CC BY) ብቻ የሚል ከሆነ የሠራውን ሰው ጠቅሳችሁ፣ ፈቃዱንም አመልክታችሁ፣ የቀየራችሁትንም ተናግራችሁ እንደፈለጋችሁ ማሻሻልና ማባዛት ትችላላችሁ። "ኤንዲ" (ND፣ "ተቀይሮ አይጋራ" እንደማለት) ከተጨመረበት ግን የቀየራችሁትን ለሌላ ማጋራት አይፈቀድም።