«የወንድሜ ሚስት የእናቴን ገና ወሰደችብኝ»

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 47 ነው፤ ትዳር የለኝም። የምኖረው ኮምቦልቻ፣ ወላጆቻችን ባቆዩልን ቤት ነው። ቤተሰባችን ካቶሊካዊ ነው፤ እናቴ ግን ከቃሉ ወረዳ፣ ከሙስሊም ቤተሰብ መጥታ አባቴን ስታገባ የተጠመቀች ናት። የቤቱን ሥርዓት ያስተማረቻት የአባቴ እናት ነበረች። ገና ሲቃረብ ሳሎናችን ውስጥ ግርግም ይሠራል፤ በስብከት፣ በብርሃንና በኖላዊ እሑዶች ማታ ተሰብስበን መቁጠሪያ እንደግማለን፤ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ግን በእናቴ ሣጥን ይቆይና ከሌሊቱ ቅዳሴ ስንመለስ ከልጆች ሁሉ ትንሹ በግርግሙ ያስተኛዋል። የቃሉ ዘመዶችም ይመጡ ስለነበር እናቴ ለእነርሱ በሌላ ድስት ለብቻ ትሠራ ነበር፤ እኔ ግን አልቻልኩበትምና ቀርቷል። በ2014 ሁሉም ሲወጡ እኔ እናቴን ይዤ ቀረሁ። እርሷ በ2015 ካረፈች ወዲህ ይህን ሁሉ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደሴ ይኖራል። ሚስቱ ያደገችው በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። ባለፈው ዓመት በቤቷ ግርግም ሠርታ ሕፃኑን ሳምንት ቀድማ አስተኝታው ስላገኘሁ በእንግዳ ፊት አረምኳት፤ ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች። ዘንድሮ ደግሞ በዓሉ ደሴ፣ በእነርሱ ቤት ይሆናል ብላ ወሰነች። ቤተ ክርስቲያናችንን የማያውቁትን የቃሉ ዘመዶች ሳይቀር ጠርታለች። የእናቴን የግርግም ምስሎች ይዤ እንድመጣም በወንድሜ በኩል ልካብኛለች። ከውጭ የመጣች ሰው የእናቴን ገና ስትወስድብኝ ዝም ልበል? ምስሎቹን ልስጣት ወይስ በዓሉን ቤቴ ሆኜ ለብቻዬ ላክብር?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ሥርዓቱ ያነሡትን በቅድሚያ በአጭሩ ልመልስ። ሕፃኑን እስከ ልደት ሌሊት ድረስ በግርግሙ አለማስተኛት በብዙ ካቶሊካውያን ቤቶች የቆየ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የግርግም ልማድ ጀማሪ ተብሎ የሚታወሰው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1223 በግሬቾ መንደር የልደትን ሌሊት ሲያከብር ያዘጋጀው ገለባ የተነጠፈበት ግርግም ሲሆን፣ አጠገቡም አንድ በሬና አንድ አህያ አቁሞ ነበር፤ የአካባቢው ሰዎችም ችቦና ሻማ ይዘው መጥተው ተሰበሰቡ። ስለዚህ የወንድምዎ ሚስት በመቸኮሏ በእምነቱ ላይ የሠራችው በደል የለም፤ ይህንንም እርስዎ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ ይህን ያህል ያንገበገበዎትን ነገር ከምስሎቹ ውጭ መፈለግ ይኖርብናል።

ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ ያቆመኝ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ግርግሙ፣ ስለ መቁጠሪያው፣ ስለ ሣጥኑ በዝርዝር ጽፈዋል፤ «በ2014 ሁሉም ሲወጡ እኔ እናቴን ይዤ ቀረሁ» የሚለውን ግን በሰባት ቃላት ዘግተው ወደ ሌላ ጉዳይ አልፈዋል። በዚያ ዓመት በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አቅም ያለው ልጆቹን ይዞ ወደ መሐል አገር እንደ ወጣ፣ ሕመምተኛና አዛውንት ያለበት ቤት ደግሞ መንቀሳቀስ አቅቶት እንደ ቀረ፣ ከተሞቹም እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በዚያ ሁኔታ እንደ ቆዩ የወሎ ሰው አይረሳውም። ገና የደረሰው ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ነው። እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፉ፣ ለእናትዎ የሚበላና መድኃኒት ከየት እንዳገኙ፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ማን እንደ ከፈተ፣ የዚያ ዓመት ገና እንዴት እንደ ዋለ አልነገሩንም። የተመለሱት ሰዎች ምን እንዳሉዎት፣ «አንቺስ እንዴት ከረምሽ?» ብሎ ተቀምጦ የሰማዎት ሰው ስለ መኖሩም ደብዳቤው ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከጽሑፉ ሁሉ ይልቅ ጮኾ ተሰማኝ።

በቤተሰብ ምክር ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ። ትውልደ ሀንጋሪው የሥነ አእምሮ ሐኪምና የቤተሰብ ሕክምና ሊቅ ኢቫን ቦዞርመኒ-ናጅ በየቤተሰቡ ውስጥ በዓይን የማይታይ መዝገብ አለ ይላል፤ ማን ለማን ምን እንደ ከፈለ፣ ማን ለማን ምን እንደሚገባው በዚያ ይጻፋል። በእርሱ አመለካከት ብዙ ከፍሎ ዕውቅና ያገኘ ሰው መዝገቡን ዘግቶ በቀላል ልብ ይኖራል። ብዙ ከፍሎ «ከፍለሃል» ያልተባለ ሰው ግን የሚገባውን ሳያውቀው መፈለጉን ይቀጥላል፤ ክፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዕዳው ያለበትን ሰው አለመሆኑ ነው። ባለዕዳው የሚወደው፣ የሚያዝንለት ወይም እንዳያጣው የሚፈራው ሰው ከሆነ፣ ሒሳቡ አጠገብ ወዳለውና ለመቆጣት ወደሚቀለው ሰው ይዞራል። ያ ሰውም ያልበላውን ዕዳ ለምን እንደሚጠየቅ አይገባውምና ይቆጣል፣ ወይም ያኮርፋል። ጠያቂውም ኩርፊያውን አይቶ «ድሮም ከእርሷ ምን ይጠበቃል» ይላል፤ መዝገቡ ላይ ሌላ መስመር ይጨመራል እንጂ የሚዘጋ ነገር የለም።

አሁን ደብዳቤዎን በዚህ ዓይን መልሰው ያንብቡት። ስለ ወንድምዎ በራሱ የጻፉት «ታናሽ ወንድሜ ደሴ ይኖራል» የሚል ብቻ ነው። የወሰነችው እርሷ፣ የጠራችው እርሷ፣ የላከችብዎት እርሷ፤ እርሱ መልእክት አድራሽ ሆኖ ብቻ ይታያል። እናታችሁ የእርሱም እናት ናቸው። በ2014 ወጥቶ የሄደው እርሱ ነው፤ ሚስቱ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ከመሄድ ሌላ ምርጫ እንዳልነበራት ግልጽ ነው። ያም ሆኖ ቁጣው ሁሉ በእርሷ ላይ አርፎ በእርሱ ላይ አንዲት ቃል እንኳ አልወጣም። ታናሽ ወንድምዎን፣ ምናልባትም በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉትን ልጅ፣ «ጥለኸን ሄድክ» ማለት ከባድ መሆኑን እረዳለሁ። ልጆቹን ይዞ መሸሹ ትክክል እንደ ነበር አእምሮዎ ስለሚያውቅ ቅሬታዎን ለራስዎ እንኳ መንገር አሳፍሮዎት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እርሱ መሄዱ ትክክል ሊሆን፣ እርስዎም በመቅረትዎ ሊጎዱ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም። ቤተሰባችሁ እስካሁን የቻለው ግን የመጀመሪያውን ብቻ መናገር ይመስላል።

ገና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እናትዎን ይዘው የቀሩባት ያቺ ሳሎን፣ ግርግሙ የሚሠራባት ሳሎን ናት። በየዓመቱ ሁሉም ወደዚያች ቤት ሲመጡ፣ ማንም ምንም ባይናገር እንኳ መምጣታቸው ራሱ በተዘዋዋሪ ዕውቅና ሆኖልዎት ነበር፤ በሩን የከፈቱት እርስዎ፣ ሣጥኑን የጠበቁት እርስዎ፣ ሥርዓቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ዘንድሮ በዓሉ ወደ ደሴ ሲወጣ የሚቀርብዎት የበዓል ቤት ብቻ አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ቃል ሲቀበሉት የነበረው ምስጋና ነው። ትዳር የሌላት እኅት በእኛ አገር ቤተሰብ ውስጥ እናት ስትታመም የመጀመሪያዋ ተጠሪ፣ እናት ስታርፍ ደግሞ ቦታዋ ምን እንደሆነ የማይነገራት ሰው መሆኗን ስለማውቅ፣ «ምስሎቹን ልስጣት ወይ?» የሚለውን ጥያቄዎን «እናታችን ከሌለች እኔ ለእናንተ ምንድን ነኝ?» ብዬ አነበብኩት። ተሳስቼ ከሆነ እርስዎ ያውቁታል። ካልተሳሳትኩ ግን ለዚህ ጥያቄ የወንድምዎ ሚስት ብትፈልግም መልስ ልትሰጥ አትችልም፤ ጥያቄው የተጻፈው ለእርሷ አይደለምና።

ይህን ካልኩ በኋላ ደስ የማይል ነገር መናገሬ አይቀርም። «ከውጭ የመጣች» ብለዋል። እናትዎም ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ያውም ከሌላ ሃይማኖት። ዛሬ እርስዎ የሚጠብቁት ሥርዓት እናትዎ ዘንድ የደረሰው፣ አማት በትዕግሥት አጠገቧ አስቀምጣ ስላስተማረቻቸው ነው። አያትዎ በእንግዳ ፊት አርመዋቸው ቢሆን ኖሮ ያ ሣጥን ዛሬ በእጅዎ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሁለተኛው ነገር ድስቱ ነው። የእናትዎን ገና ሳላጓድል አቆየሁ ቢሉም፣ እናትዎ ለቃሉ ወገኖቻቸው ለብቻ የሚጥዱት ድስት በእርስዎ ዘመን ቀርቷል። አልወቅስዎትም፤ ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ሥጋ አቅርቦ ሁለቱንም ወገን ሳያስቀይሙ መሸኘት ምን ያህል ጉልበትና ዘዴ እንደሚጠይቅ ያየ ሰው፣ ሐዘንተኛ ሴት ብቻዋን አልቻለችበትም ቢባል አይገርመውም። ይሁን እንጂ እናትዎ እስላም ወንድሞቻቸውንና ክርስቲያን ልጆቻቸውን በአንድ ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀመጡት በዚያ ድስት ነበር፤ ምናልባት ከመቁጠሪያው ባልተናነሰ የእርሳቸው ጸሎት እርሱ ነበር ብል ድፍረት አይሁንብኝ። አሁን የቃሉን ዘመዶች መልሳ የጠራችው ይህችው «ከውጭ የመጣች» ሴት ናት። ያኮረፈ ሰው ደግሞ ድግስ አይጠራም፤ ቢያንስ «ምስሎቹን ይዘሽ ነይ» ብሎ አይልክም። ምስሎቹን ብቻ ፈልጋ ቢሆን ባሏን ልካ ባስመጣቻቸው ነበር። በወንድም በኩል መላኳ ግን ትክክል አልነበረም፤ እርስዎ ዘንድ ራሷ መምጣት ነበረባት።

ምን ላድርግ ለሚለው፣ ሁኔታችሁን በሩቅ ሆኜ ስለምመለከት የምለው ጥቂት ነው። ከበዓሉ በፊት ወንድምዎን ለብቻው ቢያገኙት መልካም ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መድረስ ረጅም መንገድ አይደለም፤ ቢቻል ግን እርሱ ወደ እናታችሁ ቤት ቢመጣ ይሻላል። ስለ ምስሎቹ አያንሡ። «በዚያ ዓመት እንዴት እንደ ከረምን አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ልንገርህ» ቢሉት ይበቃል። ሲሰማ ዝም ሊል፣ ሊቆጣ ወይም «ልጆች ነበሩብኝ» ብሎ ሊከላከል ይችላል፤ የሄዱ ሰዎችም የሚያሳፍራቸውን ነገር ይዘው እንደሚኖሩ፣ ወደዚያች ሳሎን መግባት የሚከብዳቸውም ስለዚህ ሊሆን እንደሚችል አይርሱ። በአንድ ቀን መልስ እንዲሰጥ አይጠብቁ። ለሚስቱ ግን ባለፈው ዓመት በሰው ፊት ስላረሟት ይቅርታ ይጠይቋት፤ በመልእክተኛ ሳይሆን በራስዎ አፍ።

ምስሎቹን በተመለከተ፣ ከልብዎ የሚፈቅዱ ከሆነ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ለመስጠት ሳይሆን በዚያ ሌሊት አብረዋችሁ እንዲሆኑ። ሕፃኑን እንደ እናትዎ ልማድ እስከ ቅዳሴው መልስ ድረስ በእጅዎ ቢያቆዩትና በዚያ ቤት ካሉ ልጆች ትንሹ እንዲያስተኛው ቢያደርጉ የሚከፋት አይመስለኝም፤ አስቀድመው ይንገሯት እንጂ። ዘንድሮ ልብዎ ካልፈቀደ ደግሞ ምስሎቹን ቤትዎ ትተው ባዶ እጅዎን መሄድም ይቻላል። ለብቻዎ ማክበሩን ግን አልመክርም፤ ማንም ያልጠየቀዎትን ቅጣት ራስዎ ላይ መጣል ይሆንብዎታል።

የ2014 ሌሊቶች አሁንም በሕልም የሚመጡብዎት፣ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነግጥዎት ወይም እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ፣ ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለምና ደሴ ወጥተው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ለፊት ያነጋግሩ። የቁምስናዎን አባ ማማከርም ሊያግዝዎ ይችላል፤ ነገር ግን ከወንድምዎ ሚስት ጋር ማን ትክክል እንደሆነ እንዲፈርዱ አይጠይቋቸው። ወንድምዎ ከበዓሉ በፊት ጊዜ የለኝም ካለ ንግግሩ እስከ ጥምቀት፣ አለዚያም እስከ ዐቢይ ጾም ሊቆይ ይችላል፤ በገና ማዕድ ላይ ግን፣ የቃሉ አጎቶችዎና ልጆቹ ባሉበት፣ አይጀምሩት።