መልስ፦ የኔፓል ኩክሪ እጅ ላይ ሲገባ

ወንድሜ፣ «የገዛሃቸው ኩክሪዎች እንዴት ናቸው? በእጅ የተሠሩ መሆናቸውስ ያስታውቃል?» ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ በደንብ ያስታውቃል። ለማያውቀው፣ ኩክሪ የኔፓል ጎባጣ ትልቅ ቢላዋ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ክብደቱ ነው። ብረቱ ወደ ታች ስለሚጎብጥና ወደ ጫፉ ስለሚሰፋ ሚዛኑ ወደ ፊት ያደላል። እንጨት ስትፈልጥበት ክንድህ ብዙ አይለፋም፤ አብዛኛውን ሥራ ክብደቱ ይጨርስልሃል።

የገዛኋቸው ሁለቱ ኩክሪዎች አንድ ዓይነት ተብለው ቢሸጡም መንትያ አይደሉም። የአንዱ ጀርባ ትንሽ ወፈር ይላል፣ የመዶሻ ምልክትም ይታይበታል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ኩክሪ ብዙ ጊዜ የሚቀጠቀጠው ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነው። አንጥረኛው ብረቱን ካጋለ በኋላ ከማንቆርቆሪያ ውሃ የሚያፈሰው ስለቱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ግን ለስለስ ብሎ ይቀራል። ሲመታ ቶሎ የማይሰበረው ለዚህ ነው። በጣም የማረከኝ ይህ ጥበብ ነው!

ከአፎቱ ጋር ሁለት ትንንሽ ቢላዎች አብረው ይመጣሉ። ካርዳ የሚባለው ለጥቃቅን ሥራ ነው። ቻክማክ ደግሞ ደነዝ ነው፤ የዋናውን ስለት ለማቅናት ይጠቅማል፣ በባልጩት ድንጋይም እሳት ይጫርበታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኩክሪውን ስትመዝዝ አፎቱን በስለቱ በኩል አትያዝ፤ ሰንጥቆ ጣትህን ሊቆርጥህ ይችላል። ብረቱ ስለሚዝግ ከሥራ በኋላ አድርቀህ ዘይት ቀባው። እጀታው የጎሽ ቀንድ ከሆነ ፀሐይ ላይ አትተወው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለሥራ የምትፈልገው ከሆነ ደግሞ ለጌጥ ብቻ የተሠራውን አትግዛ።