«ቺፕ ያለው ካርድ አይሰረቅም ይላሉ» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ «ባለ ቺፕ ኤቲኤም ካርድ ደረሰኝ፤ ቺፕ ያለው አይሰረቅም ይላሉ፤ እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ጅማ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። እኔም እንዲሁ ሲሉ ሰምቼ አምኜ ነበር። 20 ሺህ ብር ወጥቶብኛል። አንቺ እንዳይወጣብሽ ልጻፍልሽ።

1. ስለ ቺፑ፣ ማለትም ካርዱ ፊት ላይ ስላለችው ትንሽ የምታብረቀርቅ ነገር፣ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ከካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር መስመር ሁልጊዜ ያንኑ መረጃ ስለሚሰጥ በቀላሉ ይቀዳል። ቺፑ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ያወጣል፤ የትናንቱ ዛሬ አይሠራም። አስመስሎ መሥራት ከባድ ነው። ካርዱ ራሱና ፒኑ፣ ማለትም የሚስጥር ቁጥሩ፣ ሌባ እጅ ከገቡ ግን ቺፑ ምንም አያደርግልሽም።

2. ማሽን ላይ ማንም እንዳያግዝሽ። ማንም! እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

የበዓል ዋዜማ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ፈረንጅ አራዳ አንድ ማሽን ጋ ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ካርዴን ስከተው ማሽኑ ዝም አለ። ከኋላዬ የነበረ ጥሩ የለበሰ ልጅ «እትዬ፣ ኔትወርክ ነው፤ ደግመው ይምቱት» አለኝ። አጠገቤ ቆሞ እያየ ፒኔን ደግሜ መታሁ። ከዚያ ራሱ ካንስል ብሎ ካርዱን አወጣና «ነገ ይሞክሩ» ብሎ ሰጠኝ። መርቄው ሄድኩ። አስቢው፣ መርቄው! የሰጠኝ ካርድ የዚያው ባንክ ነው፤ ቀለሙም ያው። የእኔ ግን አልነበረም። ስም ስላልተጻፈበት ልብ አላልኩም።

ያን ሌሊት 10 ሺህ ብር ከሌላ ባንክ ማሽን ወጣ። መልእክቱን ያየሁት እሁድ ጠዋት ነው። «ባንክ ዝግ ነው፣ ሰኞ እሄዳለሁ» አልኩ። በቀን ማውጣት የሚቻለው ገደብ ስላለው ልጁ እሁድ ተመልሶ ሌላ 10 ሺህ አወጣ። የመጀመሪያውን ሌባው ወሰደው። ሁለተኛውን እኔ ነኝ የሰጠሁት። ደውዬ ካርዱን ባሳግደው ኖሮ ይተርፍ ነበር። ዛሬም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሰኞ ባንክ ሄድኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ፒንሽን ያሳየሽው አንቺ ነሽ፤ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ሱቄን ዘግቼ ሦስት ቀን ከመስኮት ወደ መስኮት ተንከራተትኩ። ፒኔን አሳይቻለሁ፣ አልክድም። የተዘረፈ ሰው ግን እንዲህ አይስተናገድም። በአራተኛው ቀን ለፖሊስ አመለከትኩ፤ ለባንኩም በጽሑፍ ማመልከቻ አስገብቼ ኮፒው ላይ ማህተም አስመታሁ። «ግቢ፣ ተቀመጪ» የተባልኩት ያኔ ነው። ገንዘቡ አልተመለሰም። ቢሆንም እዚያ ቤት ሁለተኛ ማንም አላመናጨቀኝም። አንቺም ቃል ብቻ ይዘሽ አትሂጂ።

ሌላው፣ ፒንሽን የተወለድሽበት ዓመት አታድርጊው። መታወቂያሽ ያው ቦርሳሽ ውስጥ ነው። ስትመቺ በሌላኛው እጅሽ ሸፍኚው። ሰው ከተጠጋሽ «ወደኋላ በል» በይው፤ እኔ አሁን ጮክ ብዬ ነው የምለው። ሆቴል ስትከፍዪ ካርድሽን ይዘው ወደ ውስጥ እንዳይገቡ፤ በካርድ የሚከፈልበትን ትንሽ ማሽን፣ ፖስ የሚባለውን፣ እነሱ ያምጡልሽ።

እኔ ካርዴ ጥግ ላይ፣ ከቺፑና ከጥቁሩ መስመር ራቅ አድርጌ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ። ከማሽን ሲወጣ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። የጎረቤት ሱቅ ሴቶችም ከእኔ አይተው አድርገዋል። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን የባንኩን ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ መዝግቢው፤ ቤት ባለ ሰው ስልክ ላይም ጭምር፣ ቦርሳሽ ከነስልክሽ ሊሄድ ይችላልና።