ዘይት ለሚበላ ሞተር የቱን መሣሪያ ልግዛ?

ልጆቼ፣ ከኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ተመርቃችሁ ጋራዥ የገባችሁም፣ ከልጅነታችሁ ቁልፍ እያቀበላችሁ ሙያውን የለመዳችሁም፣ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ዘይት ለሚበላ መኪና የትኛው መሣሪያ ይሻላል?» ጥያቄው ደስ ይለኛል። እኛ አካባቢ ዘይት ይበላል የተባለ መኪና ሲመጣ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይለካ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» ይባላልና። ፋሻ ማለት ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት ነው።

ሞተር ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ደሴ ኮምቦልቻ በዶልፊን እየተመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው መኪናው ቆመ ማለት የቤቱ ቀለብ ቆመ ማለት ነው። መሣሪያ ስትገዙ መጀመሪያ እሱን ሰው አስቡት። ሞተሩ ሳይከፈት ዘይቱ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚነግራችሁን ግዙ።

የሚሄድበት መንገድ ደግሞ ብዙ አይደለም። ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ወይ በፋሻ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ወይ በቫልቭ ሲል፣ ማለትም በቫልቩ ዘንግ ላይ ዘይት በሚያግደው ጎማ በኩል፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወይ በሞተሩ መተንፈሻ ተስቦ ከአየሩ ጋር ይገባል፤ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ ካለው በተርቦው ያመልጣል። አንድ መሣሪያ ከእነዚህ ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ነው መልስ ያለው። ሁሉንም ይመልሳል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ብራችሁን አትስጡት።

የመጀመሪያው መሣሪያ መኪናው ላይ አለ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። መኪናውን ለጥ ያለ ቦታ አቁሙ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁና ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲመለስ፣ ሚሊ ሊትር በተጻፈበት ዕቃ እየለካችሁ እዚያው ምልክት ላይ አድርሱት። የጨመራችሁት ያህል ነው የበላው። አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ችግር የለውም ይላሉ። ጤነኛ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚወስደው። ባለመኪናው «ብዙ ይበላል» ያለውን ይዛችሁ ቁልፍ አታንሱ።

መፍሰሱን ለማወቅ ሞተሩን አጥቦ፣ ነድቶ፣ ከሥር በባትሪ ማየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አስቸጋሪ ከሆነ ዘይት ውስጥ የሚጨመር ቀለምና እሱን የሚያበራ መብራት አለ። ርካሽ ነው፣ ግዙት።

ጭሱን ለማየት ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት አለላችሁ። ከደሴ ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ። ያኔ ኢንቴኩ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ፣ ውስጥ ያለው መሳብ ይበረታል፤ ቫልቭ ሲሉ የደረቀ ከሆነ ዘይቱን ወደ ታች ይስበዋል። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ ስትረግጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ካለ መጀመሪያ ቫልቭ ሲሉን ጠርጥሩ። ሽቅብ ጭነት ይዞ ሲወጣ ሳያቋርጥ ሰማያዊ ከጨሰ ግን ፋሻው ነው የሚጠረጠረው። ሌላ ሰው በሌላ መኪና ከኋላ ይከተላችሁ፤ በስፖኪዮ አይታይም። ይህ ለቤንዚን ሞተር ነው። ናፍጣ እንዲህ ያለ መሳብ የለውም። ደሴ በጠዋቱ ብርድ የሚወጣውን ነጭ እንፋሎትም ከዘይት ጭስ ጋር አታምታቱት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል።

አሁን ኮምፕሬሽን ጌጅ፣ ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚለካው። ሁላችሁም መጀመሪያ የምትገዙት እሱን ነው፤ ሁላችሁም የምትሳሳቱበትም እሱ ነው። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ቦታ የሚታሰረውን ግዙ። በእጅ ተጭኖ የሚያዘው ትንሽ ከተንሸራተተ ልኬቱን ያበላሻል። የ14 እና የ12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ይሁን። ለናፍጣ ሌላ ጌጅ ያስፈልጋል፤ የቤንዚኑን ናፍጣ ላይ ካሰራችሁት ይበላሻል።

ስትለኩ ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይውጡ፣ ነዳጅና እሳት ይቋረጥ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ይረገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከዚያ ሞተሩን በማስነሻው ስታዞሩት ቁጥሩ ይመጣል። የአምራቹ መጽሐፍ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይላል፣ የእናንተ 135 ያሳያል። «ሞተሩ ሞቷል» ለማለት አትቸኩሉ! ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ራሱ ከመነሻው ያነሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 180 የሚሰጥ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 135 አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ 145 አካባቢ ቢሰጥ ምንም አልሆነም። የመሳብ ጌጅም እንዲሁ ዝቅ ብሎ ያነባል። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ሞተር ተከፍቷል፤ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከወረደ ችግር አለ። ያን ጊዜ ዝቅ ባለው ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ አብዛኛውን ጊዜ ቫልቭ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኮምፕሬሽን የሚይዙት ላይኞቹ ፋሻዎች ናቸው። ዘይት የሚጠርገው የታችኛው ፋሻ ነው። እሱ በካርቦን ተጣብቆ ላይኞቹ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ጌጁ ጥሩ እያነበበ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል ማለት ነው። አየር አስገብቶ የሚያመልጠውን በመቶኛ የሚያሳየው ሊክ ዳውን ቴስተርም አየሩ በየት እንደሚወጣ ጥሩ አድርጎ ይነግራችኋል፤ የታችኛውን ፋሻ ግን እሱም አያየውም። ደህና ኮምፕረሰር ከሌላችሁ ለጊዜው አትግዙት።

ለዚህ የሚረዳው ቦርስኮፕ የሚባለው ቀጭን ካሜራ ነው። ስልክ ላይ የሚሰካው ይበቃል፤ ዋናው ነገር ወደ ጎንም የሚያይ ሌንስ መኖሩ ነው። ፊት ለፊት ብቻ የሚያይ ከሆነ የፒስተኑን አናት ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። የፒስተኑ ጠርዝ ዙሪያውን ታጥቦ ካበራ፣ መሀሉ ግን ጥቁር ካርቦን ከሆነ፣ ዘይት በፋሻ በኩል እየወጣ ነው። የሲሊንደሩን ግድግዳም እዩ። ቁመቱን የተከተለ ጭረት ካለ ያ ሞተር እውነትም መከፈት አለበት። ካሜራውን ከማስገባታችሁ በፊት ያወጣችኋቸውን ካንዴላዎች በየተራቸው ደርድሯቸው። አንዱ ብቻ በዘይት ርሶ ከወጣ ፍለጋው አለቀ፤ እዚያ ሲሊንደር ላይ ነው።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ዘይት አይለካም። የካታሊስት (የጭስ ማጣሪያው) ኮድ ካመጣ የዘይቱ መቃጠል ያደረሰው ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

እኔ በጣም የምወደው መሣሪያ ሱቅ የለም። ሁለት ሜትር ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ግዙ። ጣውላ ላይ እንደ ዩ ፊደል አጥፋችሁ እሰሩትና ቀለም ያለው ውሃ ግማሽ ድረስ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር አጥብቃችሁ አገናኙ፤ ሌላው ክፍት ይሁን። ሞተሩ ሞቆ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ውሃውን ወደ ራሱ ትንሽ ይስበዋል። ወደ ክፍቱ ጫፍ ከገፋው ውስጡ ግፊት ታምቋል። ወይ ፋሻው አየር ያሳልፋል፣ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል። መሳቡ ከበረታ ደግሞ የመተንፈሻው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ዘይት እየሳበ ነው፤ ውሃው ሞተር ውስጥ ሳይገባ ቶሎ አጥፉት። አንድ የደሴ ባለ ኮሮላ ሞተሩ እንዲወርድ ተፈርዶበት ወደ እኔ መጣ። ቱቦውን ስሰካው ውሃው ወደ ውጭ እየዘለለ ወጣ። የመተንፈሻውን ቱቦ ስነቅለው እንደ ሰም በጠጠረ ዝቃጭ ተደፍኗል። ጠረግነው፣ ቫልቩን ቀየርነው፣ ያን ዕለት ማታ መኪናውን ይዞ ወደ ደሴ ወጣ። እንደገና 1,000 ኪሎ ሜትር ለካነው፤ ሞተሩን መክፈት አላስፈለገም።

የመጨረሻው የምትገዙት ደብተር ነው። ምንም ዘይት የማይበላ መኪና ለሌላ ሥራ ካንዴላው ሲወጣ ጌጁን እሰሩና ለኩ። የሞተሩን ዓይነት፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የለካችሁት ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቁጥር ጻፉ። ውሃው በቱቦው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተሳበም ጨምሩበት። የታመመው ሲመጣ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ሳይሆን እዚሁ ከለካችሁት ጤነኛ ሞተር ጋር ታመሳክራላችሁ።