65 ኦሌድ ወይስ 75 ሚኒ ኤልኢዲ? ሶፋው 3 ሜትር ለራቀበት ክፍል

ጥያቄውን ላላያችሁ፦ ለፊልምና ለኳስ ብቻ የተለየ ክፍል አለ። ከሶፋው መደገፊያ እስከ ቲቪው ግድግዳ 3 ሜትር ነው፤ በጎን በኩል ትልቅ መስኮት አለው። በተቀራራቢ ዋጋ ከቀረቡት 65 ኢንች ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥቡ በራሱ የሚበራ) እና 75 ኢንች ሚኒ ኤልኢዲ (ከስክሪኑ ጀርባ በጥቃቅን መብራቶች የሚበራ) የቱ ይሻላል ነው የተባለው። የእኔ መልስ 75ቱ ነው። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ድርግም የሚል ከሆነና የሚያዩት ማታ ማታ ፊልም ብቻ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ።

መጀመሪያ ርቀቱን እንደገና ይለኩት። 3 ሜትር ያሉት ከግድግዳ እስከ መደገፊያ ነው። ዐይንዎ ከመደገፊያው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ይቀድማል፣ ቲቪውም ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ቁጭ ብለው ሜትሩን ከዐይንዎ ጎን ሲይዙት የሚያገኙት 2.70 አካባቢ ነው። ለፊልም የሚመከረው ስክሪኑ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ የሚሆን እይታ እንዲይዝ ነው። ርቀቱ ከጥግ እስከ ጥግ ካለው የስክሪኑ ሰያፍ 1.6 እጥፍ ሲሆን 30 ዲግሪ፣ 1.2 እጥፍ ሲሆን 40 ዲግሪ ይመጣል። 2.70ን ለሁለቱም ሲያካፍሉት ከ1.69 እስከ 2.25 ሜትር ያገኛሉ፤ በኢንች ከ66 እስከ 88 ማለት ነው። 65ቱ የታችኛውን ጫፍ ለጥቂት ስቶታል፣ 75ቱ መሃል ገብቷል፣ 85 እንኳ ቢሆን አልበዛም። ቁጥሩ ካላሳመነዎት 166 በ93 ሳንቲ ሜትር አድርገው ግድግዳው ላይ በወረቀት ፕላስተር ያስምሩና አንድ ሁለት ምሽት ከፊቱ ይቀመጡ።

8ኬ (ከ4ኬ የበዙ ፒክስሎች፣ ማለትም ጥቃቅን የምስል ነጥቦች፣ ያሉት) የሚል ነገር ካቀረቡልዎት ይለፉት። 75 ኢንች 4ኬ ላይ የአንድ ፒክስል ስፋት 0.43 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጤነኛ ዐይን በ2.70 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ደግሞ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዐይንዎ የ4ኬን ፒክስል ራሱ አይለየውም። ትልቅ ስክሪን የሚያጋልጠው ሌላ ነገር ነው፦ ኤችዲ ያልሆነ የሳተላይት ቻናል። 720 በ576 የሆነ ምስል 414 ሺህ ፒክስል ገደማ ነው፤ ቲቪው 8.3 ሚሊዮን ቦታ ስላለው ከ20ው 19ኙን ራሱ ገምቶ መሙላት አለበት። ኳሱን በእንዲህ ዓይነት ቻናል የሚያዩ ከሆነ ሱቅ ውስጥ የሚታየውን የ4ኬ ማሳያ ትተው ያንኑ የመሰለ ፋይል በፍላሽ ይዘው ሄደው ያስከፍቱ። ብራንድ ከብራንድ በግልጽ የሚለየው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ኦሌድ እያንዳንዱ ፒክስል በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ስለሆነ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ አቻ የለውም። ግን ስክሪኑ በሙሉ ነጣ ሲል (በረዶ፣ ፀሐይ የመታው ሜዳ) ኃይል ለመቆጠብ ድምቀቱን ራሱ ይቀንሳል። የኳንተም ዶት ኦሌድ (ቀለሙን በጥቃቅን ቅንጣቶች የሚያወጣ የኦሌድ ዓይነት) ከሆነ ደግሞ የመስኮት ብርሃን ሲያርፍበት ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ሌላው የቻናል አርማና የውጤት ሰሌዳ ነው፤ በየቀኑ ለሰዓታት አንድ ቦታ ከቆየ የማይለቅ ጥላ ሊተው ይችላል። ኦሌድ ከወሰዱ በሪሞት ያጥፉት እንጂ ሁልጊዜ ከሶኬት አይንቀሉት፤ ፓነሉ ራሱን የሚያስተካክለው ከጠፋ በኋላ ስታንድባይ ላይ ሆኖ ነው።

ሚኒ ኤልኢዲ በቀን ብርሃን ያሸንፋል። ስሙ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም። ከኋላ ያለው መብራት በስንት ዞን ተከፋፍሎ እንደሚበራና እንደሚጠፋ ይጠይቁ፤ መቶ ሁለት መቶ ዞን ያለውና ከ1000 በላይ ያለው በአንድ ስም ይሸጣሉ። ፈተናው ቀላል ነው። ጥቁር ትዕይንት ላይ ነጭ የግርጌ ጽሑፍ ያስወጡና የክፍሉን መብራት ያጥፉ። በፊደሎቹ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ከፈሰሰ የዞኖቹ ቁጥር ትንሽ ነው። ፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው ክፍል) ቪኤ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ፊት ለፊት ኮንትራስቱ ጥሩ ነው፣ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይገረጣል፤ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ተቃራኒው ነው። የጎን ወንበር የሚኖርዎት ከሆነ ሱቅ ውስጥ ወደ ጎን ሄደው ይዩት።

ኤችዲአር (ደማቁንና ጨለማውን አጉልቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) የሚለው ጽሑፍ ዛሬ የሌለበት ካርቶን የለም ማለት ይቻላል። ከ500 ኒት (የድምቀት መለኪያ) በታች በሚደምቅ ቲቪ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ዶልቢ ቪዥን የተባለውን የኤችዲአር ዓይነት የግድ የሚሉ ከሆነ ሳምሰንግ እንደማይደግፈው ይወቁ፤ እሱ የሚጠቀመው ተፎካካሪውን ኤችዲአር10 ፕላስ ነው። ለእኔ ይህ ከድምቀቱ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ሄርዝ (ስክሪኑ ምስሉን በሴኮንድ የሚያድስበት ቁጥር) ላይ ግን አይደራደሩ፤ የፓነሉ ትክክለኛ ቁጥር 120 ይሁን። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። 120 ለ24 ሲካፈል 5 ይደርሳል፣ 60 ግን እኩል ስለማይካፈል አንዱ ፍሬም ሁለቴ ሌላው ሦስቴ እየታየ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል። «ሞሽን ሬት 240» የሚል ማስታወቂያ የፓነል ሄርዝ አይደለም፤ ከጀርባው ብዙ ጊዜ 60 ወይም 120 ነው ያለው። ጌም ኮንሶል ካለ ኤችዲኤምአይ 2.1 (ፈጣኑ የኤችዲኤምአይ ዓይነት) ስንት መሰኪያ ላይ እንዳለ ይቁጠሩ። አንዳንድ ሞዴል ሁለት ብቻ ይኖረውና አንዱ ራሱ ኢአርክ፣ ማለትም ድምፁን ወደ ሳውንድባሩ የሚልከው መሰኪያ፣ ይሆናል።

አሰቃቀሉ ላይ የብዙ ሰው ስህተት ከፍታ ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይን ከወለሉ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የስክሪኑ መሃል እዚያ ሲውል የታችኛው ጠርዝ 58 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። እንደ ፎቶ ፍሬም ወደ ላይ ከተሰቀለ የሁለት ሰዓት ፊልም አንገት ይጨርሳል። 75 ኢንች 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ወይም ጂፕሰም ከሆነ ተራ ፊሸር አይዘውም፤ ከኋላ የሚከፈት መልህቅ ያስፈልጋል። የብራኬቱ ብሎን ከተፈቀደው በላይ ከረዘመ ውስጡን ይወጋል፣ ስለዚህ ከቲቪው ጋር የመጣውን ወይም መመሪያው የሚለውን ርዝመት ብቻ ይጠቀሙ። ጠረጴዛ ላይ ከሆነም የእግሮቹን መራራቅ አስቀድመው ይለኩ፤ ብዙዎቹ ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሆኑ ጠባብ ጠረጴዛ አይበቃቸውም።

ሲያጓጉዙት ካርቶኑ ቆሞ ይሂድ፣ በጭራሽ አይተኛ። ቤት እንደገባ፣ መመለሻው ቀን ሳያልፍ፣ ሙሉ ስክሪን ግራጫ ምስል ይክፈቱበት፦ አንዱ ደብዘዝ ያለ 5 ከመቶ፣ ሌላው 50 ከመቶ። መሃሉ ላይ እድፍ የመሰለ ጥላ ወይም ቀጥ ያለ ሰረዝ ጎልቶ ከታየ ሣሩ ላይ ካሜራው በዞረ ቁጥር ይከተልዎታል፤ ይቀየርልኝ ይበሉ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊም ያሳዩት፣ የሞተ ፒክስል የሚገኘው በዚያ ነው። ከዚያ ከሱቅ ሞድ ወደ ሆም ያውጡት፣ ፊልም ሜከር ሞድን (ፊልሙን እንደተሠራ የሚያሳየውን የምስል ምርጫ) ይምረጡ፣ ሻርፕነስን ዝቅ ያድርጉ፣ ለፊልም የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን ያጥፉ። መጀመሪያ ቢጫ ቢጫ ይልብዎታል፤ ሳይነኩት ሦስት ቀን ይዩበት።