ቱስዴይ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የሲኤንኤ፣ ማለትም የረዳት ነርስነት ፈተናዋን አልፋ እዚሁ ሜሪላንድ ናርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብታለች። «እትዬ፣ የሚሉት ነገር የማይገባኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ነርሷን ጥሪ» አልኳትና ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብዙዎቻችሁ እዚህ ሥራ ላይ ስላላችሁ ለእናንተም ልጻፈው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ የሌሊት ሺፍት። አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ የሠሩ። ስትሮክ የአንጎላቸውን ግራ ጎን መትቶት ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም። ከአንደበታቸው የቀረችው አንዲት ቃል ናት፣ «ቱስዴይ»፣ ማክሰኞ ማለት ነው። ሲርባቸው ቱስዴይ፣ ሲስቁ ቱስዴይ፣ ልጃቸው ስትመጣ ቱስዴይ። እኔ ቀን የጠፋባቸው መስሎኝ «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» እያልኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አሳያቸዋለሁ። መልካም የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሌሊት የአልጋቸውን የጥሪ ደወል ደወሉ። ስገባ «ቱስዴይ! ቱስዴይ!» ይላሉ፣ ድምፃቸው ከሌላው ቀን ይለያል፣ በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን ይጎትታሉ። በርዷቸው ነው ብዬ ሌላ ደረብኩላቸው። ደግመው ደወሉ። ትራሳቸውን አስተካከልኩ። ሦስተኛ ሲደውሉ ኮሪደሩ ላይ ሌሎች ሁለት የጥሪ መብራቶች በርተው ነበርና «ቅዳሜ ነው፣ አሁን ይተኙ» ብዬ መብራቱን አጠፋሁባቸው። አራተኛ አልደወሉም።

ጠዋት የቀን ሺፍት ልጅ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። የእግራቸው መደገፊያ ማሰሪያው ተንሸራቶ ሌሊቱን ሙሉ ተረከዛቸውን ሲጫን አድሯል። ቆዳው ጠቁሯል። ያ ቁስል እስኪድን ወራት ፈጀ።

የንግግር ቴራፒስቷ በኋላ አስረዳችኝ። እንዲህ ዓይነት ስትሮክ የመታው ሰው አንድ ቃል ብቻ ሊቀርለት ይችላል፣ የሚሰማውን ግን ከሚናገረው እጅግ አብልጦ ሊረዳ ይችላል። ቃሉን ትታችሁ ድምፁን፣ ፊቱን፣ እጁን ነው የምትሰሙት። በልደታቸው ቀን «ሃፒ በርዝዴይ»ን ከነቃላቱ ከእኛ ጋር ዘፈኑ። ዜማ ብዙ ጊዜ ይተርፋል አለችኝ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

የአሜሪካ ሕግ የናርሲንግ ሆም ነዋሪ ከመንካታችሁ በፊት 16 ሰዓት እንድትሠለጥኑ ያዛል። ስለ መግባባት የሚነገረው እዚያው ውስጥ ከእሳት አደጋና ከኢንፌክሽን ጋር ተጨናንቆ ነው። አይበቃም።

እኛ ታላቅ ፊት ዓይን መስበር ተምረን ነው ያደግነው። ጆሮው የደከመ ሰው ግን ከንፈር ያነባል፣ ስለዚህ ዝቅ ብላችሁ ፊት ለፊት እዩት። አትጩኹ። እርጅና ቀድሞ የሚወስደው ቀጭን ድምፅን ነው፣ ወፈር አድርጋችሁ ረጋ በሉ። አያቴ ጆሮዋ ላይ ስጮህ «ምን አጠፋሁ ልጄ?» ትለኝ ነበር፣ የተቆጣኋት መስሏት።

በአንድ ጆሯችሁ ኢርፎን ሰክታችሁ ሰው የምታጥቡ ልጆች አሉ፣ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። አልጋ ግራና ቀኝ ቆማችሁ በአማርኛ ማውራትም ይቅር፣ ተኝተው የሚሰሙት ሰውዬ ስለ እሳቸው የምታወሩ ነው የሚመስላቸው። እኔ ራሴ ግን ገላቸውን መታጠብ ለሚፈሩ አንዲት እናት መዝሙር በአማርኛ እዘምርላቸው ነበር፣ ቃሉ ባይገባቸውም ይረጋጉ ነበር። እንግዲህ አማርኛው አይደለም ችግሩ፣ ሰውን አጠገብ አስተኝቶ መርሳቱ ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እኚያ አዛውንት ጋ ማታ ስገባ መጀመሪያ ብርድ ልብሱን እገልጣለሁ። እግራቸውን እየዳሰስኩ «እዚህ ነው? ወይስ እዚህ?» እላለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። አንዳንዴ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይፈጃል። ቦታው ላይ ስደርስ «ቱስዴይ» ይላሉ፣ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ዛሬ ማታ ሺፍት አላት። ከመግባቷ በፊት መልሼ እደውልላታለሁ።