ዋጋው ወርዶ ሳለ የሬንኮ ቻርት ቀይ ጡብ ያልሳለው ለምንድን ነው?

ከደሴ የጻፉልኝ አንባቢ የአክሲዮናቸው ዋጋ ከ100 ወደ 96.50 ዶላር ወርዶ ሳለ ቻርቱ ለምን ቀይ ጡብ እንዳልሳለ ጠይቀዋል። ሬንኮ ዋጋው በተወሰነ መጠን በተነቃነቀ ቁጥር ብቻ አንድ ጡብ የሚስል የዋጋ ቻርት ነው፤ አረንጓዴ ጡብ መውጣትን፣ ቀይ ጡብ መውረድን ያሳያል። ቀይ ጡብ ያላዩት ዋጋው ገና 96 ዶላር ስላልደረሰ ነው። እንደጻፉት የጡቡ መጠን 2 ዶላር ሆኖ የመጨረሻው አረንጓዴ ጡብ ከ98 እስከ 100 ከተሳለ፣ ቀጣዩ አረንጓዴ 102 ሲሞላ ይሳላል፤ አቅጣጫው እንዲገለበጥ ግን ዋጋው ከ100 የሁለት ጡብ ያህል መውረድ ስላለበት፣ በ96.50 ላይ ቻርቱ ዝም ማለቱ ትክክል ነው።

ሬንኮ ጊዜን ከነጭራሹ አይቆጥርም። ደሴ ስላሉ የባቲን የሰኞ ገበያ ያውቁታል፤ አንድ ሰው እዚያ ውሎ የፍየል ዋጋ 100 ብር በተነቃነቀ ቁጥር ብቻ ጠጠር ቢያስቀምጥ፣ በአንድ ሰዓት አምስት ጠጠር ሊደረድር፣ ከዚያ እስከ ማታ አንድም ላይጨምር ይችላል። በሬንኮ ቻርት ላይ ዋጋው ሁለት ጊዜ ወጥቶ የተመለሰባቸው ሁለት እኩል ጫፎች በግልጽ የሚታዩትም ትንንሹ መወዛወዝ ስለሚቀር ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ በልምምድ ሂሳብ ስሞክር፣ በ100 ዶላር ያደረ አክሲዮን የኒውዮርክ ገበያ በእኛ 10፡30 (በእነርሱ ክረምት 11፡30) ሲከፈት 91 ላይ ጀመረ። ቻርቱ 96፣ 94 እና 92 ላይ የሚያልቁ ሦስት ቀይ ጡቦችን በአንዴ ደረደረ፤ በ96 የሚገዛኝ ግን አልነበረም፣ የሽያጭ ትእዛዜም የተፈጸመው በ91 አካባቢ ነው። ስለዚህ ስልትዎን ባለፈው ዋጋ ላይ ሲፈትሹ ትርፍና ኪሳራውን በጡቡ ዋጋ ሳይሆን ከተራው የሻማ ቻርት (የየጊዜውን የመክፈቻና የመዝጊያ ዋጋ ከሚያሳየው) ላይ በሚያገኙት የመክፈቻ ዋጋ ያስሉ።